የሚናገሩት ቀዳዳዎች፦ የራስ ቅል፣ ነርቮቹና የዐይን ጡንቻዎች በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል

በ1931 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሄንሪ ላቨሪ የተባለ ሰው ሩብ ምዕተ ዓመት ሲያስብበት የኖረውን ማሽን ሠርቶ ጨረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ማሽኑ ሳይኮግራፍ ይባላል። ተመርማሪው ወንበር ላይ ይቀመጥና ከላይ የብረት ቆብ ይወርድለታል። በቆቡ ውስጥ የተደረደሩ 32 መዳሰሻዎች የጭንቅላቱን ቅርጽ ከያለበት ይነካሉ። አንቀሳቃሹ ማንሻውን ሲስብ ሞተሩ ይዞራል፤ ከእንጨት ከተሠራው ሣጥንም ስለ ሰውየው ጠባይ የሚናገር ወረቀት እየታተመ ይወጣል። የሚለካው 32 ጠባይ ነው፤ ለእያንዳንዱም ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። 1,954 ክፍሎች ያሉት ይህ ማሽን 33 ጊዜ ተባዝቶ ተሠራ። ላቨሪና ሸሪኩ ፍራንክ ዋይት በ2,000 ዶላር ቅድሚያና በወር 35 ዶላር ኪራይ በየከተማው ላሉ ነጋዴዎች ሰጡት፤ በቴአትር ቤቶች መግቢያና በትልልቅ ሱቆች ቆመ። በ1934 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ብቻ፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት እየማቀቀች ሳለ፣ 200,000 ዶላር አስገባ።

ማሽኑ የቆመበት አሳብ ከእርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። በ1800 ገደማ ቪየና የነበረው ሐኪም ፍራንዝ ዮሴፍ ጋል፣ እያንዳንዱ ጠባይ በአንጎል ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፣ ያ ቦታ ሲያድግ ከላዩ ያለውን አጥንት ይገፋዋል፣ ስለዚህ የራስ ቅልን በእጅ ዳስሶ ሰውን ማወቅ ይቻላል ብሎ አስተማረ። አንጎል የሥራ ክፍፍል አለው ማለቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም። የቀረው ግን ሁሉ ስሕተት ነው። የራስ ቅል የውጭ ገጽ የአንጎልን ቅርጽ አይከተልም። ከቅንድብ በላይ ያለው ጉብታ ውስጡ አየር ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚዳሰሰው ጉብታም በጥቃቅን የአየር ክፍሎች የተሞላ፣ የአንገት ጡንቻ የሚያያዝበት አጥንት ነው። እነዚህን ለክቶ ስለ ሰው ታማኝነት ወይም ትጋት መናገር ማታለል ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ይኸው ትምህርት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥቁር ሕዝቦችን ከነጮች በታች ለማስቀመጥ በማስረጃነት መቅረቡ ነው። እኛ ይህን ቀልድ ብለን ልናልፈው አይገባም።

የላቨሪ ኩባንያ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፤ ማሽኖቹም ታሽገው ተቀመጡ። ኋላ ላይ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሚሲሲፒ ዳር፣ የማያድኑ የሕክምና ዕቃዎችን ሰብስቦ የሚያሳይ ሙዚየም የነበረው ቦብ ማኮይ ሳይኮግራፍን እንደገና ለሕዝብ አሳየ። በ2002 ስብስቡ ሴንት ፖል ወደሚገኘው የሚኒሶታ ሳይንስ ሙዚየም ተዛወረ።

የራስ ቅል ግን ዲዳ አይደለም። ላቨሪ የሳተው የሚነበበውን ስፍራ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው በቀዳዳዎቹ ላይ ነው። በየትኛው ቀዳዳ ምን እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሐኪም፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ዐይን፣ ፊትና ምላስ አይቶ ጉዳቱ ከአጥንቱ ሥር የት እንዳለ ሊናገር ይችላል። ለዚህ እውቀት ደግሞ እነዚህ ሁለት መንትያ ከተሞች ከሳይኮግራፍ እጅግ የሚበልጥ ድርሻ አላቸው።

የአዋቂ ሰው የራስ ቅል 22 አጥንቶች አሉት። ስምንቱ አንጎልን ያቅፋሉ፣ አሥራ አራቱ ፊትን ይሠራሉ። ከታችኛው መንጋጋ በቀር ሁሉም በስፌት ተጋጥመው የተያያዙ ናቸው። ሰው ሲወለድ ግን አጥንቶቹ እንዲህ አይደሉም። የአገራችን እናቶች ቅቤ የሚቀቡት እርግብግቢት አጥንቶቹ ገና ያልተገናኙበት ክፍት ቦታ ነው። ይህ ክፍተት ሕፃኑ በጠባቡ የመውለጃ መንገድ ሲያልፍ አጥንቶቹ እንዲደራረቡ ይፈቅዳል፤ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በፍጥነት ለሚያድገው አንጎል ቦታ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ይገጥማል። ሲሰረጉድ የውሃ ማነስን፣ ሲወጠር ደግሞ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት መጨመሩን ያመለክታል። አያቶቻችን እየዳሰሱ የሚፈሩት በከንቱ አልነበረም።

የራስ ቅልን ገልብጦ ከሥሩ ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የአንጎል ግንድ ወደ አከርካሪ የሚወርድበትን ትልቁን ቀዳዳ ነው። የዚህ ቀዳዳ ቦታ ስለ ሰው ልጅ ታሪክ ብዙ ተናግሯል፤ የተናገረውም በእኛው አገር ነው። በ1994 ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በአፋር፣ አራሚስ ከተባለው ስፍራ የመጀመሪያዎቹን ቁርጥራጮች ያነሱላት አርዲ የተባለችው የጥንት የሰው ዘመድ ቅሪት 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። የራስ ቅሏ ተጨፍልቆ ስለነበር ቁርጥራጩን ገጥሞ ምስሉን በኮምፒዩተር መልሶ ለመሥራት ዓመታት ፈጀ። ጥናቱ በ2009 ሲወጣ፣ የራስ ቅሏ ግርጌ አጭር እንደሆነና ትልቁ ቀዳዳ ከዝንጀሮዎች ይልቅ ወደ ፊት ቀርቦ እንደሚገኝ ታወቀ። ቀዳዳው ወደ ፊት መጣ ማለት ጭንቅላቱ ቀጥ ባለ አከርካሪ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። አርዲ በሁለት እግር መሄዷን ከሚያስረዱት ምስክሮች አንዱ ይኸው ሆነ።

ከትልቁ ቀዳዳ ፊትና ጎን ያሉት ትናንሾቹ ቀዳዳዎች የነርቮች ናቸው። በእነርሱ የሚያልፉትን ነርቮች በሥራቸው ለይቶ ለማወቅ ከደከሙት መካከል ሁለት የሚኒያፖሊስ ልጆች ይገኛሉ። ክላረንስ ሉተር ሄሪክ በ1858፣ ታናሽ ወንድሙ ቻርልስ ጁድሰን ሄሪክ በ1868 እዚሁ ተወለዱ። አባታቸው ሰባኪ ነበር። ታላቁ በ1880 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፣ በሐይቆቹ ያሉትን ጥቃቅን ፍጥረታትና የግዛቱን አጥቢ እንስሳት አጠና፤ በ1891 ደግሞ የእንስሳትን አንጎልና ነርቭ እያነጻጸረ የሚያጠና መጽሔት መሠረተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሳንባ ነቀርሳ ታመመና ለአየሩ ብሎ ወደ ኒው ሜክሲኮ ሄደ፤ እዚያው በ1904 አረፈ። መጽሔቱን ተረክቦ ለዘመናት ያቆየው ታናሹ ነው። ያ መጽሔት ዛሬም ይታተማል።

ጁድሰን በ1899 ያወጣው ሥራ ስለ አንዲት ትንሽ የባሕር ዓሣ የራስ ነርቮች ነው። ከእርሱና ከጓደኞቹ በፊት የነበሩት ሊቃውንት አንድን ነርቭ ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይገልጹ ነበር። እነርሱ ግን በአንዱ ነርቭ ውስጥ አብረው የሚጓዙትን ክሮች በሥራቸው ለዩአቸው፦ የቆዳ ስሜት የሚያመጣውን፣ ጣዕም የሚያመጣውን፣ ጡንቻ የሚያዘውን፣ የሆድ ዕቃን የሚመለከተውን። ጁድሰን አምባዛ የተባለውን ዓሣ ሲመረምር የጣዕም ሕዋሳቱ በአፉ ብቻ ሳይወሰኑ በመላ ቆዳው ላይ መሰራጨታቸውንና ከቆዳው ላይ ጣዕሙን የሚያመጣው ሰባተኛው ነርቭ፣ ማለትም የፊት ነርቭ መሆኑን አሳየ። ለሰውም ይኸው ይሠራል፤ ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከምላሳችን የፊተኛ ክፍል ጣዕምም ያመጣል። ሐኪም ፊቱ የተጣመመ ሰው ጣዕም ጠፍቶበት እንደሆነ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

ነርቮቹ አሥራ ሁለት ጥንድ ናቸው። የመጀመሪያው የሽታ ነርቭ በአፍንጫ ጣሪያ ላይ ባለ በጥቃቅን ቀዳዳዎች በተበሳሳ አጥንት ያልፋል። በሚኒሶታ ክረምት በበረዶ ተንሸራቶ በማጅራቱ የወደቀ ሰው ከሳምንት በኋላ የቡና ሽታ ከጠፋበት፣ አንጎሉ ሲናወጥ እነዚያ ቀጫጭን ክሮች በቀዳዳቸው ላይ ተቆርጠው ይሆናል። ሁለተኛው የዕይታ ነርቭ ነው፤ በእያንዳንዱ ዐይን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክሮች ይዞ ይገባል። አምስተኛው ሦስት ቅርንጫፍ አለው፤ ሦስቱም በየራሳቸው ቀዳዳ ወጥተው ግንባርን፣ ጉንጭንና አገጭን ይከፋፈላሉ። የጥርስ ሐኪም መርፌ የሚያደነዝዘው የዚህን ነርቭ ቅርንጫፍ ነው። ስምንተኛው መስማትንና ሚዛንን ይይዛል። ዘጠነኛው፣ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ከአንድ ትልቅ የደም ሥር ጋር በአንድ ቀዳዳ ይወጣሉ። አሥረኛው ከዚያ ወርዶ እስከ ልብና ሆድ ይደርሳል። አሥራ ሁለተኛው ምላስን ያንቀሳቅሳል፤ ሲጎዳ የወጣው ምላስ ወደ ተጎዳው ጎን ያዘነብላል። ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ትእዛዞቹን ያውቃቸዋል፦ ጥርስዎን ያሳዩኝ፣ ዐይንዎን ጭምቅ አድርገው ይጨፍኑ፣ ምላስዎን ያውጡ፣ ትከሻዎን ከፍ ያድርጉ፣ ጣቴን በዐይንዎ ይከተሉ። ተራ ጨዋታ የሚመስለው ይህ ጥያቄ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ማንኳኳት ነው።

ስለ ሰባተኛው ነርቭ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ በስሕተት የሚተረጎም ነውና። ሰው ጠዋት ሲነሣ ግማሽ ፊቱ ወድቆ፣ አንዱ ዐይኑ አልከደን ብሎት ያገኘዋል። ብርድ መታው፣ ነፋስ ገባው ይባልና በመታሸትና በመጠቅለል ቀን ይባክናል። የፊት ነርቭ ጆሮን ከያዘው አጥንት ውስጥ በጠባብና ጠማማ ቦይ ያልፋል፤ ሲያብጥ የሚሄድበት ስፍራ ስለሌለው ራሱን ያንቃል። መንስኤው በውል ባልታወቀው ዓይነት ላይ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት የሚጀመር የስቴሮይድ መድኃኒት የማገገም ዕድልን ከፍ ያደርጋል። ሚኒሶታ ውስጥ ሌላም ምክንያት አለ፤ በጫካና በሣር ውስጥ የምትገኘው የአጋዘን መዥገር የምታስተላልፈው የላይም በሽታ የፊት ነርቭን ሊያሽመደምድ ይችላል። በበጋ ወደ ሐይቅና ወደ ጫካ የሄደ ሰው ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት። ግንባሩ እየተኮማተረ የታችኛው ፊት ብቻ ከወደቀ ደግሞ ነገሩ ከነርቩ ይልቅ ከአንጎል የመነጨ፣ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት ቤት ተቀምጦ ለመፍረድ መሞከር አይገባም፤ ፊት የወደቀበት ሰው ሁሉ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ክፍል ያስተምር የነበረው አንድሩ ራስሙሰን ጆሮን በያዘው በዚሁ አጥንት ውስጥ ያለውን ስምንተኛውን ነርቭ በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ክሮቹን ቆጠረ። በ1940 ባሳተመው ሥራ የመስማት ክፍሉ በአማካይ ወደ 31,000፣ የሚዛኑ ክፍል ወደ 18,000 ክሮች እንዳሉት አሳየ። ንግግርን፣ ሙዚቃን፣ የልጅን ልቅሶ ሁሉ ወደ አንጎል የሚያደርሱት እነዚህ ጥቂት ክሮች ናቸው። ራስሙሰን ቀደም ሲል በ1932 ዋና ዋና የነርቭ መንገዶችን በሥዕል የሚያሳይ መማሪያ አውጥቶ ነበር። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን እንዲህ ያለውን ቆጠራ መሥራት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ማሰብ ብቻውን አክብሮት ያሳድራል።

አሁን ወደ ዐይን እንምጣ። የዐይን ጉድጓድ የሰባት አጥንቶች መገናኛ ነው። ወደ አፍንጫ ያለው ግድግዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ወለሉም ስስ ነው። ኳስ ወይም ቡጢ የልጅ ዐይን ላይ ሲያርፍ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ግፊት ይህን ወለል ይሰብረውና የታችኛውን የዐይን ጡንቻ ስብራቱ ውስጥ ሊያስይዘው ይችላል። ልጁ ወደ ላይ ማየት ያቅተዋል፤ ሲሞክርም ያቅለሸልሸዋል። ውጭውን ሲያዩት ዐይኑ ምንም ያልሆነ ሊመስል ይችላል። ለዚህ ነው ዐይኑን የተመታ ልጅ ወደ ላይና ወደ ታች አይቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ያለበት።

እያንዳንዱን ዐይን ስድስት ጡንቻዎች ያንቀሳቅሱታል። አራቱ ቀጥ ያሉ ሲሆኑ ከጉድጓዱ ጥልቅ ጫፍ፣ የዕይታ ነርቭ ከሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ካለ የጅማት ቀለበት ተነሥተው ከዐይኑ ላይ፣ ታች፣ ግራና ቀኝ ይያያዛሉ። ሁለቱ ገደድ ብለው የሚሄዱ ናቸው። ከእነርሱ የላይኛው ከሁሉም ይረዝማል፣ አሠራሩም ድንቅ ነው፤ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ይመጣና በአፍንጫ በኩል ባለው የጉድጓዱ ጥግ ላይ በተተከለ ቀለበት ውስጥ ጅማቱ ያልፋል፣ ከዚያ የጉድጓድ ውሃ መቅጃ ገመድ በመዘውር ላይ እንደሚታጠፍ ታጥፎ ወደ ኋላ ተመልሶ ከዐይኑ አናት ላይ ይያያዛል። ስለዚህ ሲኮማተር ዐይንን ወደ ታች ይጥላል፣ ወደ ውስጥም ያሾራል። የዐይን ቆብን የሚያነሣ ሰባተኛ ጡንቻም ከላይ አለ።

እነዚህን ጡንቻዎች የሚያዙት ሦስት ነርቮች ናቸው፦ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው። ሦስቱም በአንድ የአጥንት ስንጥቅ በኩል ወደ ዐይን ጉድጓድ ይገባሉ። አራተኛው የላይኛውን ገዳዳ ጡንቻ ብቻ ያዛል። ከአሥራ ሁለቱ ሁሉ ቀጭኑ ነው፤ ከአንጎል ግንድ በስተጀርባ የሚወጣ ብቸኛው ነርቭም ነው፤ በራስ ቅል ውስጥም ረጅም መንገድ ይጓዛል። በዚህ ምክንያት የመኪና አደጋ ወይም መውደቅ በቀላሉ ይጎዳዋል። የተጎዳበት ሰው ደረጃ ሲወርድ ወይም ሲያነብ አንዱን ነገር ሁለት፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጎ ያያል። ሁለቱን አንድ ለማድረግም ራሱን ወደ ደኅነኛው ጎን ያጋድላል። ከልደት ጀምሮ ይህ ድካም ያለበት ልጅ አንገቱን አጋድሎ ያድጋል፤ ወላጆቹም የአንገት ሕመም መስሏቸው ዓመታት ሊያሳልፉ ይችላሉ።

ስድስተኛው ዐይንን ወደ ውጭ የሚስበውን ጡንቻ ያዛል። በራስ ቅል ግርጌ ላይ በጠባብ ቦይ ሽቅብ ስለሚጓዝ፣ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር፣ ምክንያቱ ዕጢም ሆነ ፈሳሽ የትም ይሁን የት፣ እርሱ ሊወጠርና ሊደክም ይችላል። ዐይኑ ወደ አፍንጫ ይዞራል፤ በተለይ ሩቅ ሲያይ ሁሉም ነገር ጎን ለጎን ሁለት ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስፈራው የሦስተኛው ነርቭ ጉዳት ነው። አራት ጡንቻዎችን፣ የዐይን ቆብ ማንሻውን፣ ብሌንን የሚያጠቡትንም ክሮች ይሸከማል። ሲጎዳ ቆቡ ይወድቃል፣ ዐይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ይሄዳል። እዚህ ላይ ሐኪሙ ብሌኑን ያያል። ብሌንን የሚያጠቡት ክሮች በነርቩ የላይኛ ሽፋን ላይ ስለሚሄዱ፣ ነርቩን ከውጭ የሚጫን ነገር አስቀድሞ የሚጎዳው እነርሱን ነው። ብሌኑ ከሰፋ፣ በተለይ ከከባድ የራስ ምታት ጋር፣ በአንጎል ሥር ያለ የደም ሥር አብጦ ሊፈነዳ ተቃርቦ ይሆናል፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የስኳር ሕመም ሦስተኛውን ነርቭ ሲያጠቃ ግን ብዙውን ጊዜ የነርቩን መካከል ስለሚጎዳ ብሌኑ እንዳለ ይቀራል፤ ዐይኑም በጥቂት ወራት ውስጥ ይመለሳል። ስንት ሰው ሌሊት ታክሲና ከባድ መኪና እየነዳ፣ ስኳሩን ሳይለካ በሚኖርበት ከተማ ይህን ማወቅ ሕይወት ያድናል።

የዐይን ጡንቻዎች ከሌሎቹ የሰውነት ጡንቻዎች የሚለዩበት ብዙ ነገር አለ። በእግር ላይ አንድ የነርቭ ሕዋስ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጡንቻ ክሮችን ሲያዝ፣ በዐይን ላይ የሚያዘው አሥር ገደማ ብቻ ነው። ዐይን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ሲዘል ፍጥነቱ በሰከንድ ከ500 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ይህን መሥመር እያነበቡ ባሉበት በዚህ ቅጽበት ዐይንዎ በየሰከንዱ ሦስት ጊዜ ያህል ይዘላል። ከዚህ የበለጠ ግን ሐኪሞችን ያስደነቀው ሌላ ነው። የዱሼን የጡንቻ መመንመን በሽታ የልጆችን እግር፣ ክንድ፣ በመጨረሻም ልብ ሲያደክም የዐይን ጡንቻዎችን ይተዋቸዋል። ጡንቻ የሚያዙ የነርቭ ሕዋሳትን የሚገድለው ኤኤልኤስ የተባለው በሽታም አብዛኛውን ጊዜ ዐይንን የሚነካው በመጨረሻ ነው። እጁንም ምላሱንም ማንቀሳቀስ ያቃተው ሕመምተኛ በኮምፒዩተር ላይ ፊደላትን በዐይኑ እየመረጠ ከቤተሰቡ ጋር የሚነጋገረው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ ጡንቻዎች ለምን ይተርፋሉ? ይህን ጥያቄ ለአሥርት ዓመታት ከያዙት መካከል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ሊንዳ ማክሉን ይገኛሉ። ከባልደረባቸው ከዐይንና ከነርቭ ሐኪሙ ጆናታን ዊርትሻፍተር ጋር በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ምንም ጉዳት በሌለባቸው አዋቂ ጥንቸሎች ላይ የዐይን ጡንቻ ክሮች ሳያቋርጡ አዳዲስ የሕዋስ ኒውክለሶችን እንደሚጨምሩ አሳዩ። የእግር ጡንቻ እንዲህ የሚያደርገው በአብዛኛው ሲጎዳ ነው። የዐይን ጡንቻ ግን ዕድሜ ልኩን ራሱን ሲያድስ ይኖራል። በውስጡ ያሉት የጡንቻ ዘር ሕዋሳትም ከሌላው ጡንቻ ይልቅ ብዙ ናቸው። ይህ ባሕርይ ከበሽታ የሚጠብቀው ጋሻ ይሆን? ጥናቱ ገና አላለቀም።

ነገር ግን ግኝቱ ወደ ሌላ በር መራ። ራሱን ያለማቋረጥ የሚያድስ ጡንቻ በመድኃኒት ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። ከሕፃናት ከመቶ ሁለት እስከ አራት የሚሆኑት ዐይናቸው ይሸወራል። የተለመደው ሕክምና መነጽር፣ ደኅነኛውን ዐይን መሸፈንና ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናው ዐይኑን አይከፍትም፤ ጡንቻውን ከዐይኑ ገጽ አላቅቆ ቦታውን ወይም ርዝመቱን ይቀይራል። በ1989 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ቦቱሊነም የተባለውን መርዝ በልክ እየተወጋ የጠነከረውን ጡንቻ እንዲያደክም ፈቀደ፤ ዛሬ ለፊት መሸብሸብ የሚሸጠው ቦቶክስ የተጀመረው ለዐይን መሸወር ነው። ማክሉንና ባልደረቦቻቸው የተከተሉት የተገላቢጦሹን ነው፤ ጡንቻን በሚያሳድግ ሆርሞን መሰል ንጥረ ነገር የደከመውን ማጠንከር ይቻል እንደሆነ በጥንቸልና በጦጣ ላይ ፈተኑ። ለሰው ገና አልደረሰም። ነገር ግን የልጅን ዐይን ያለ ቀዶ ሕክምና የማቅናት ተስፋ በዚሁ ከተማ ቤተ ሙከራ ውስጥ መኖሩን ማወቅ ያኮራል።

ከዚህ ሁሉ እውቀት በስተጀርባ ስማቸው የማይጠራ ሰዎች አሉ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች አጥንቱንና ነርቩን በገዛ ዐይናቸው የሚማሩት፣ ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸው ለትምህርት እንዲውል በሕይወት ሳሉ በፈረሙ የግዛቱ ነዋሪዎች ላይ ነው። በየዓመቱም መታሰቢያ ይደረግላቸዋል። በእኛ ባህል ሥጋ ወደ አፈር እስኪመለስ ያለው ሥርዓት ጥልቅ ነው፤ ይህን ማንም እንዲተው አልጠይቅም። ያን ስጦታ የሰጡትን ግን በጎረቤትነት ማመስገን እንችላለን፤ የታከምንባቸው እጆች የተማሩት በእነርሱ ነው።

በመጨረሻ ለወላጆች የምለው አለኝ። የሕፃን ዐይን በመጀመሪያዎቹ ወራት አልፎ አልፎ ቢዛወር አያስደነግጥም። ከአራት ወር በኋላ ግን ከተሸወረ፣ ሲያድግ ይተወዋል ብሎ መጠበቅ ልጁን ይጎዳል፤ አንጎሉ ከተሸወረው ዐይን የሚመጣውን ምስል መጣል ይለምድና ዕይታው ለዘለቄታው ሊደክም ይችላል። ሕክምናው በተቻለ መጠን ቀደም ሲል ይበልጥ ይሠራል፤ በተለይ ከሰባት ዓመት በፊት። ሚኒሶታ ውስጥ ልጆች የሕዝብ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የሚደረግላቸው ነጻ ምርመራ ዕይታንም ይጨምራል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ውሰዷቸው። እንግሊዝኛ የማይቀናችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም፣ ልጃችሁንም አስተርጓሚ አታድርጉ። አዋቂዎች ደግሞ በድንገት አንዱን ነገር ሁለት አድርጋችሁ ካያችሁ፣ የዐይን ቆባችሁ ከወደቀ፣ አንዱ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ፊታችሁ በአንድ ጎን ከወረደ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ መኪናም አትንዱ። 911 ደውሉ።